ለሁለት ሰው የስምንት ሰው ድስት

ሠርጋችን ጥር 2015 ነበር። መልሱ አልቆ ሰሚት ኮንዶሚኒየም የተከራየናት ቤት ስንገባ ሶፋ አልነበረንም። መጋረጃም አልሰቀልንም። ፍሪጁ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። እናቴ በትልቁ ድስት ዶሮ ወጥ ልካለች። የባለቤቴ እናት ደግሞ በሁለት ባልዲ ቀይ ወጥና አልጫ ልከዋል። አይቡና ድፎ ዳቦው ተጨምሮበት የፍሪጁ በር አልዘጋ አለ። ወንበር አስደገፍንበት።

«ሙሽሮች ናችሁ፣ ዝም ብላችሁ ብሉ» ተባልን። አንድ ሳምንት በላን። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ዶሮ ወጥ ሲያይ ፊቱን ማዞር ጀመረ። በሦስተኛው ከባልዲው ክዳን ሥር ሽታ መጣ። ያን ቀን ማታ ደረጃው ላይ ሰው እስኪጠፋ ጠብቄ፣ ባልዲውን ይዤ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረድኩ። እናቶቻችን ሌሊቱን ሙሉ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ያደሩበትን ወጥ ነው የደፋሁት። አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ያ የሠርግ ትርፍ ነው፣ ያጋጥማል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ግን ከዚያ በኋላም ስምንት ወር ሙሉ ስደፋ ነው የኖርኩት። ልታገቡ ያሰባችሁ ወይም በቅርቡ ያገባችሁ ካላችሁ እኔ የሄድኩበትን መንገድ እንዳትሄዱት ብዬ ነው ይህን መጻፌ። የምግብ አዘገጃጀት አይደለም። ወጥ መሥራት ችግሬ ሆኖ አያውቅም።

ችግሬ ልኩ ነበር። እኛ ቤት ስምንት ነን። ወጥ የተማርኩት እናቴ ጎን ቆሜ ነው፣ በስምንት ሰው ድስት። እጄ የሚያውቀው ያን ልክ ብቻ ነው። ሽንኩርት ስከትፍ አሥር ራስ ሳይሞላ ቢላዋውን ማስቀመጥ አልችልም። ምስር ሳጥብ በስኒ አልለካም፣ በእፍኝ ነው። የእፍኙን ቁጥር ደግሞ እጄ እንጂ እኔ አላውቀውም። ትንሽ ድስት ልግዛ ስል እናቴ ሳቀችብኝ። «የአሻንጉሊት ድስት ልትገዢ ነው?» አለች። አልገዛሁም።

ከልኩ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ነበር እጄን የሚይዘኝ። ሰው ቢመጣስ? ይህን ጥያቄ የማታውቅ ሐበሻ ሴት ያለች አይመስለኝም። በደጅ ያለፈ ሰው «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ጎራ ቢል፣ መሶቡ ቢከፈትና ባዶ ቢሆን፣ አዲስ ሙሽራ ሆኜ ምን ይባላል? ስለዚህ በየቀኑ ላልመጣ እንግዳ አበስል ነበር። በእነዚያ ወራት ሳይናገር የመጣብን ሰው ስንት ይመስላችኋል? ቆጥሬዋለሁ። አራት። ከአራቱ ሁለቱ በልተው ነው የመጡት።

የካቲት 13 ሁዳዴ ገባ። ለቅበላ ብለን የገዛነው ሥጋ ሳያልቅ ነው የገባው፣ እሱም ለጎረቤት ዘበኛ ሄደ። ጾሙ ሲገባ ግን እፎይ አልኩ። ምስርና ሽሮ ነው፣ ቀላል ነው ብዬ። እሁድ ማታ አንድ ድስት ምስር ሠራሁ። ሰኞ ምስር በላን። ማክሰኞም። ረቡዕም። እኔ ከሜክሲኮ ከሥራ ወጥቼ ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ ሌላ ነገር የማሰብ አቅም የለኝም። ሐሙስ ማታ ያንኑ ድስት ሳሞቅ ባለቤቴ በሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬም ቡሌ ነው?» አለኝ።

ቀልዱ ነው። ዩኒቨርሲቲ እያለ ከጓደኞቹ ጋር የሚቀልዱባት ቃል ናት። እኔ ግን የሆቴል ትርፍራፊ ነው የምታበዪኝ እንዳለኝ አድርጌ ነው የሰማሁት። ማማሰያውን ድስቱ ውስጥ ትቼ መኝታ ቤት ገባሁ። ያን ምሽት ሁለታችንም ጾማችንን አደርን። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ይቅር አልኩ። ስለ ምግብ ግን አላወራንም። ትልቁ ስህተታችን እሱ ነበር።

ምክንያቱም ከዚያ ቀን በኋላ ሁለታችንም መደበቅ ጀመርን። እኔ የተረፈውን ጠዋት እሱ ሻወር ሲገባ በጥቁር ፌስታል ቋጥሬ፣ ቢሮ ስሄድ መንገድ ላይ እጥላለሁ። ፍሪጁ ባዶ ሲሆን «አለቀ» እላለሁ። እሱ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገረኝ፣ ማታ የሚጠብቀውን ስለሚገምት 11 ሰዓት ላይ ቢሮው አጠገብ በያይነቱ በልቶ ይመጣ ነበር። ቤት ሲደርስ እንዳይከፋኝ ሦስት አራት ጉርሻ ይበላና «ጠገብኩ» ይላል። እኔ እሱ የተወውን እደፋለሁ። እሱ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። እንዲህ እየተሳሰብን ደመወዛችንን በላነው።

ፋሲካ አለፈ። ሃምሳው ቀን በደስታ አለፈ፣ ረቡዕ ዓርብም አይጾምማ። ክረምቱ ነው ጉዳችንን ያወጣው።

ሐምሌ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ ቀይ ወጥ ሠራሁ። ጥሩ ወጥ ነበር፣ ዛሬም እመሰክርለታለሁ። ማክሰኞ ማታ በላን፣ ከግማሽ በላይ ተረፈ። ረቡዕ ጾም ነው። ሐሙስ እሱ የሥራ ባልደረባው ልቅሶ ስለነበር አምሽቶ በልቶ መጣ፣ እኔ ብቻዬን አንድ ጭልፋ አወጣሁ። ዓርብ ጾም ነው። ቅዳሜ ስከፍተው ወጡ አረፋ ይዟል። አያችሁ? ማክሰኞ የሠራሁት ወጥ በሳምንቱ ውስጥ የሚበላበት አንድ ቀን ብቻ ነበረው፣ እሱም ሐሙስ ነው። የጾም ቀን መቁጠሪያውን ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ሰው ነኝ። ድስቱና የቀን መቁጠሪያው እንደሚገናኙ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን እንጀራው እየሻገተ ሲያስቸግረኝ ድርቆሽ ላድርገው ብዬ ተነሳሁ። አያቴ ታደርገው ስለነበር ቀላል መስሎኝ። ቆራርጬ በሰፌድ በረንዳ ላይ አሰጣሁት። ሐምሌ መሆኑን ረስቼ! ፀሐይ ሳታይ ሦስት ቀን ሰንብቶ አረንጓዴ ጢም አበቀለ። ድርቆሽ የበጋ ሥራ ነው። በክረምት ካደረጋችሁት ምጣድ ላይ በስሱ እሳት እያገላበጣችሁ ነው፣ እሱም የሚያዋጣው ትንሽ ሲሆን ነው።

ከዚያ የሩዙ ነገር መጣ። አንድ ማታ ሩዝ በአትክልት ሠርቼ፣ የተረፈውን ድስቱ ውስጥ ምድጃው ላይ ትቼው ተኛሁ። አዲስ አበባ ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። እናቴም ወጥ ምድጃ ላይ አሳድራ ጠዋት ታሞቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ለምሳው አሙቄ ቋጠርኩለት። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደወለልኝ፣ ድምፁ የለም። ሲያስመልሰው ነው የዋለው። ጤና ጣቢያ ወስጄው ኦ.አር.ኤስ ሰጡት፣ ማታውን ተሻለው። እዚያ የነበረችው ነርስ መጀመሪያ የጠየቀችን «ያደረ ሩዝ በልታችኋል?» ብላ ነው። ሩዝ ላይ የሚኖረው ጀርም በመፍላት የማይሞት ዘር አለው። ሩዙ ሞቅ እንዳለ ውጭ ሲያድር ዘሩ ይነሳና መርዝ ያወጣል። ያ መርዝ ደግሞ ቢያሞቁትም አይጠፋም። እኔ በደንብ አሙቄዋለሁ እያልኩ ስከራከር ነበር። ማሞቄ ምንም አልፈየደም።

በሳምንቱ ጠዋት ጥቁሩን ፌስታል ይዤ ልወጣ ስል ባለቤቴ ከኋላዬ መጣ። «ስጪኝ እኔ ልጣለው» ብሎ ተቀበለኝ። ከበደው። ፈታው። ስድስት እንጀራ፣ ግማሽ ጎመን፣ የደረቀ ዳቦ፣ የሽሮ ቅሪት። ዝም ብሎ ቆመ። እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ «እኔም የምነግርሽ ነገር አለ» አለኝና የ11 ሰዓቱን በያይነቱ ተናዘዘ። ሁለታችንም ሥራ አረፈድን። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ነው ያወራነው፣ ፌስታሉን መሃላችን አድርገን።

እቅድ ያወጣን እንዳይመስላችሁ። ያን ቀን የወሰንነው መቁጠር ብቻ ነው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛን። ፍሪጁ ላይ በሲባጎ አንጠለጠልነው። ለ15 ቀን የምንጥለውን ሁሉ መጻፍ፣ መወቃቀስ የለም። ማን እንደጣለውም አይጻፍም። «እንጀራ 2፣ ሻግቶ።» «ሰላጣ፣ ጠውልጎ።» «ምስር ሦስት ጭልፋ፣ ሰልችቶን።» ይህቺን «ሰልችቶን» የጻፈው እሱ ነው። ሳነባት ሳቄ መጣ። በየካቲት ብትሆን አለቅስ ነበር።

ስትጀምሩ ከዚህ ጀምሩ። እኔ መጀመሪያ የማላውቀውን ነገር ለማቀድ ስሞክር ነው የቆየሁት። ደብተሩ ያሳየን ነገር ቀላል ነበር። እኛ ሁለታችን በአንድ ምሽት የምንበላው ሁለት ተኩል እንጀራ ነው። እሱ አንድ ተኩል፣ እኔ አንድ። እኔ ግን በየሁለት ቀኑ አሥር እንጀራ እገዛ ነበር፣ እናቴ አሥር ስለምትገዛ። አንዱ እንጀራ ከ20 ብር በላይ በሚሸጥበት ከተማ በየሁለት ቀኑ አምስት እንጀራ እየጣልኩ! ሁለተኛው፣ የምንጥለው አብዛኛው ነገር የሚጣለው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ሦስተኛው፣ ቅጠላ ቅጠል የምንገዛው ለመብላት ሳይሆን ገበያ ላይ አምሮን ነው።

መስከረም 2016 ሲብት አዲስ ዓመት ነው ብዬ እቅድ ጻፍኩ። ሰባት ቀን፣ ሰባት ምግብ። ሰኞ ምንቸት፣ ማክሰኞ ዓሣ ጉላሽ፣ ረቡዕ በያይነቱ ከነአምስት ዓይነቱ… ዝርዝሩን በቀለም አስጊጬ ለጠፍኩት። የቆየው እስከ ረቡዕ ነው። ከሥራ ደክሞት የሚመጣ ሰው አምስት ዓይነት በያይነቱ አይሠራም። ቲክቶክ ላይ ሰባት ተመሳሳይ ሳጥን ደርድረው የሳምንቱን ሁሉ እሁድ የሚጨርሱትንም ሞከርኩ። ይቅርታ አድርጉልኝና ለእኛ ሆድ አልሆነም። ሐሙስ ላይ የእሁድን ቲማቲም ፍትፍት የሚበላ ሰው አላውቅም።

የሠራልንን እነሆ። እሁድ ከሰዓት ወጥ አልሠራም፣ ቁሌት ነው የምሠራው። ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከሰፈራችን የእሁድ ገበያ እንገዛለን። መላጡ የእሱ ነው። የመዋኛ መነጽር አድርጎ ነው የሚልጠው፣ ሳቁበት፣ ዓይኑ ግን አያለቅስም። ከትፌ፣ ያለ ዘይት በስሱ እሳት ውኃውን አስመጥጬ፣ ዘይት ጨምሬ፣ በርበሬውን አስገብቼ፣ ውኃ ጠብ እያደረግኩ አቁላላዋለሁ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ መጨረሻ ይገባል። ከሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል። ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ቡና ይፈላል፣ ሳይታወቅ ያልፋል። ቅቤ ግን አላስገባም። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። በዘይት የተሠራ ቁሌት ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል። ሰኞ ሥጋ ሲገባበት ቅቤውን ያኔ ጠብ አደርጋለሁ። ረቡዕ ምስር ሲሆን እንዳለ ይገባል።

ቁሌቱ ሲበርድ አራት ቦታ ይከፈላል። ሁለቱ ታችኛው ፍሪጅ፣ ሁለቱ ፍሪዘር። ያን ጊዜ የሥራ ቀን ወጥ የግማሽ ሰዓት ሥራ ይሆናል። ሽሮ ከሆነማ አሥራ አምስት ደቂቃ።

ቀኖቹን ደግሞ ከጾሙ ጋር አስማማናቸው። የሥጋ ወጥ የምሠራው ሰኞ ነው፣ ማክሰኞ ያልቃል። ግማሽ ኪሎ ሥጋ፣ ከዚያ አይበልጥም። የጾም ወጥ የምሠራው ረቡዕ ነው፣ ዓርብ ያልቃል። መሃል ላይ ሐሙስ አለ፣ ስሙን «ሙልጭ» ብለነዋል። ሐሙስ አዲስ ነገር አይሠራም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ይወጣል። የተረፈች ጎመን፣ ሁለት እንቁላል፣ የትናንት እንጀራ በፍርፍር፣ ከፓስታ የቀረ ስጎ። መልኩ አያምርም። አንዳንድ ሐሙስ ግን ከሳምንቱ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ባለቤቴ «ዛሬ ቡሌ ነው» ብሎ ሲገባ አሁን እኔም አብሬው እስቃለሁ። ቅዳሜ ወይ ውጭ ነን ወይ ቤተሰብ ጋ። እሱን አናቅድም። የሚታቀደው አራት ምሽት ብቻ ነው። አራት ምሽት ደግሞ ማንም ይችላል።

የእናንተ ቤት ጾሙ ሌላ ከሆነ ወይም ጭራሽ ከሌለ ቀኖቹን እንደ ሕይወታችሁ አድርጉት። አምሽታችሁ የምትገቡበት ቀን፣ ቤተሰብ ጋ የምትበሉበት ቀን፣ ደመወዝ ሊወጣ ጥቂት ቀን የቀረበት ሳምንት። ድስት ከመጣዳችሁ በፊት ብቻ «ይሄ የሚበላው መቼ መቼ ነው?» በሉ። ሁለት ቀን መጥራት ካልቻላችሁ ድስቱን አሳንሱት። አዎ፣ ትንሽ ድስት ገዛሁ። እናቴ አሁንም ትስቅበታለች።

ስለ ትርፍ የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ የተማርኩት በባሌ ሆድ ነው። ምግብ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ። ትኩስ ድስት ፍሪጅ ያበላሻል እየተባለ እስኪበርድ ሲጠበቅ ነው ሰው ተኝቶ የሚረሳው። ሰፋ ባለ ዝርግ ዕቃ ገልብጡት፣ ቶሎ ይበርዳል፣ ከዚያ አስገቡት። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉ። «ትዝ ይለኛል» አትበሉ፣ ትዝ አይላችሁም። ፍሪጅ ውስጥ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን። ስታሞቁ የምትበሉትን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ እስኪፈላ አሙቁ፣ ድስቱን በሙሉ እያወጣችሁ አትመልሱት።

ሁሉም ነገር እኩል አያድርም። ቀይ ወጥና ምስር ሲያድሩ ይብሱን ይጣፍጣሉ። ጥብስ አድሮ ጫማ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ቁሌት፣ ምስር፣ የተቀቀለ ሽምብራ ጥሩ ይቆያል። ድንች ያለበትን ግን አታስገቡ፣ ሲወጣ አሸዋ አሸዋ ይላል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ፍሪጁን አትክፈቱት። ሳይከፈት አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ሁለት ቀን ይደርሳል። እኛ መብራት በሄደ ቁጥር «እስቲ ምን ሆነ» እያልን በየሰዓቱ ከፍተን እናይ ነበር!

እንጀራ አሁን ሰኞና ሐሙስ ነው የምገዛው፣ ተቆጥሮ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ከላስቲክ ውጭ ትንሽ አቆየዋለሁ። ሞቆ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ያልበዋል፣ ካላበው ይሻግታል። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ሻጋታዋን ቆርሶ ቀሪውን መብላት ይቅር። በዓይን የምናያት ነጥብ ጫፏ ናት፣ ሥሯ ወደ ውስጥ ሄዷል። ብዙዎቻችን እንዲህ ስንበላ ነው ያደግነው፣ አውቃለሁ።

ከምግቡ ይልቅ ያዳነን ግን አንድ የስልክ ልማድ ነው። 9 ሰዓት ላይ አንዳችን እንጽፋለን። «ማታ ትበላለህ?» መልሱ አዎ ወይም አይ ነው። «አላውቅም» እንደ አይ ይቆጠራል። እሱ ልቅሶ ሊሄድ ከሆነ፣ እኔ ስብሰባ ላመሽ ከሆነ፣ ድስቱ ሳይጣድ ይታወቃል። መጀመሪያ ሰሞን ቁጥጥር መስሎት ቅር ብሎት ነበር። የምጠይቀው እሱን ልቆጣጠር ሳይሆን ሽንኩርቱን ልቆጣጠር መሆኑ እስኪገባው ትንሽ ቆየ።

ቀስ ብሎ የተለወጠው ሰው ቢመጣስ የሚለው ፍርሃቴ ነው። የሚያስፈልገኝ የተሠራ ወጥ ሳይሆን ቶሎ የሚሠራ ነገር መሆኑን ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። ፍሪዘር ውስጥ አንድ ዕቃ ቁሌት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሽሮ፣ ስድስት እንቁላል፣ ትንሽ ቋንጣ። ይህቺን የእንግዳ ድርሻ አንነካትም።

ፈተናው ጥቅምት ላይ መጣ። ሐሙስ ማታ 2 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የባለቤቴ አክስት ናቸው፣ ከሁለት ልጆቻቸው ጋር። በሰፈራችን ሲያልፉ «ሙሽሮቹን ሳናይ አንሄድም» ብለው። ሙልጭ ማታ! ፍሪጁ ውስጥ ያለው ግማሽ ሎሚና የአዋዜ ዕቃ ነው። ደሜ ወደ እግሬ ወረደ። ባለቤቴ ግን ምንም ሳይል ቁሌቱን ከፍሪዘር አውጥቶ ውኃ ውስጥ ነከረው። እኔ ድስት ጣድኩ። እሳቸው ከልጆቹ ጋር የሠርጉን አልበም አይተው ሳይጨርሱ ሽሮው ቅቤ ጠብ ብሎበት እየተንተከተከ፣ ቋንጣ ፍርፍሩና እንቁላሉ ቀርቦ ነበር። ልጆቹ ሰሃኑን ጠረጉት።

እትዬ ውኃ ሊያወጡ ፍሪጁን ከፈቱና ቆመው ቀሩ። «ውይ ልጄ» አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው፣ ትከሻዬን ይዘው። «ማጀቱ እኮ ባዶ ነው። ደመወዝ አልወጣም እንዴ?» ላስረዳቸው ሞከርኩ። ሙልጭ፣ ደብተሩ፣ ሁለት ተኩል እንጀራው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። እንዳላመኑኝ ዓይናቸው ይናገራል።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የትልቁ ልጃቸው መኪና ከሕንጻው ሥር ቆመ። በፎጣ የታሰረ ድስት ነው የያዘው፣ የሞላ ዶሮ ወጥ፣ ከነአሥራ ሁለቱ ብልቱ፣ ከነእንቁላሉ። «እማዬ ልካችሁ ነው፣ ድስቱን ቶሎ መልሱ ብላለች» አለና ሄደ። ተያየን። ባለቤቴ ዝርግ ዕቃዎቹን ደረደረ፣ እኔ ፕላስተርና እስክሪብቶ አመጣሁ። ሁለት ለዛሬ፣ ሁለት ለነገ፣ ሁለት ለጎረቤት፣ የቀረው ፍሪዘር። እያንዳንዱ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ደብተሩ ላይም መዘገብነው፣ ዶሮ ወጥ፣ ገቢ።

እንቁላሉን ስንቆጥር አሥራ አንድ ሆነ። ባለቤቴ አፉን እየጠረገ አሥራ ሁለተኛው ከመጀመሪያውም አልነበረም ይላል።